ሰማንያ ደቂቃ፦ በአንድ ሲዲ ላይ የሚገባ አንድ ዓመት

ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ

(“ዓ.ም.” ከሚል ምልክት ጋር ካልተጻፉ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ላይ ስልኳን ይዛ መጣችና “አባዬ፣ የዓመቱን ዘፈኖቼን ላሳይህ” አለችኝ። ስልኩ ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ አሰልፎ፣ በቀለም አሸብርቆ ያቀረበላት ዝርዝር ነው። ስፖቲፋይ የተባለው ኩባንያ ከ2016 ጀምሮ በየዓመቱ መጨረሻ ለደንበኞቹ እንዲህ ያደርጋል። አንደኛ የወጣላት ዘፈን ግን እሷም ያን ያህል የምትወደው አልነበረም። “ታዲያ እንዴት አንደኛ ወጣ?” ብላት “ሒሳብ ስሠራ ከፍቼ ስለምረሳው ነዋ!” ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ቤዝመንት ወረድኩና አንድ የጫማ ካርቶን ይዤ ወጣሁ። በውስጡ ከሃያ የሚበልጡ ሲዲዎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ በእያንዳንዳቸው ሽፋን ውስጥ በእጅ የተጻፈ የዘፈን ዝርዝር አለ። “ይሄ ደግሞ የኔ ነው” አልኳት።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ገጽ ዘወትር የምናነበው ስለ ምርጫ፣ ስለ እስራት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ድርድር ነው። ዛሬ ስለ ዘፈን ልጽፍ መነሳቴ “አገር ሲታመስ እሱ ይዘፍናል” ሊያሰኘኝ እንደሚችል አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ግን ነገሩ ከዘፈን ያለፈ መሆኑን ታያላችሁ።

የሌሊት ፈረቃ ስጦታ

በ2003 እዚሁ አርሊንግተን ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንጻ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ነጭ አሜሪካዊ እምብዛም የማይናገር ሰው ነው። ታኅሣሥ ላይ የገና ሰሞን አንድ በወረቀት የተጠቀለለ ሲዲ ሰጠኝ። ሃያ ዘፈኖች በእጅ ጽሑፍ ተዘርዝረዋል። ከአንዱም ዘፋኝ ጋር አልተዋወቅንም። “ምንድን ነው?” አልኩት። “የዘንድሮው ዓመቴ ነው” አለኝ።

በየዓመቱ እንደዚያ ያደርጋል። ዓመቱን ሙሉ ከሰማቸው የኢንዲ ዘፈኖች ውስጥ ልቡን የነኩትን ይመርጣል፣ ቅደም ተከተላቸውን ሲያስተካክል ሳምንታት ያጠፋል፣ ከዚያ ለአሥር ሰው ገደማ ገልብጦ ያድላል። ከአሥራ ስድስት ዓመቱ ጀምሮ አንድም ዓመት አላለፈውም። የፊተኞቹ በካሴት ነበሩ።

“ኢንዲ” ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው “ኢንዲፔንደንት” ከሚለው ቃል የተቆረጠ መሆኑን ነገረኝ። እኛ ስደተኞች “ነጻ” የሚለውን ቃል ስንሰማ ጆሯችን ይቆማል። ነጻ ፕሬስ፣ ነጻ ምርጫ፣ ነጻ ዳኛ እያልን ነው ዕድሜያችን የሄደው። ነጻ ዘፈን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙዚቃው ገበያ በጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች እጅ በነበረበት ዘመን፣ በ1977 መጀመሪያ ላይ፣ በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ወጣቶች የሆኑት ባዝኮክስ አምስት መቶ ፓውንድ ተበድረው የራሳቸውን ሸክላ በራሳቸው አሳተሙ። የማንንም ደጅ አልጠኑም። ሌሎች ወጣቶችም ይህን አይተው “ለካ ይቻላል” አሉ። በ1980 ደግሞ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኢያን መካይና ጄፍ ኔልሰን የተባሉ ጎረምሶች ቲን አይድልስ የተባለው ባንዳቸው ሲበተን ያጠራቀሙትን ስድስት መቶ ዶላር ገደማ ከመከፋፈል ይልቅ ሸክላ አሳተሙበት። ዲስኮርድ ሬኮርድስ የተባለው አሳታሚ የተወለደው እንዲህ ነው። ሽፋኑን ራሳቸው በመቀስ ቆርጠው ራሳቸው በሙጫ ለጥፈዋል። አሳታሚው ለረጅም ዘመን ይሠራ የነበረው እዚሁ አርሊንግተን ውስጥ ከሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት ነው። መካይ ኋላ ያቋቋመው ፉጋዚ የተባለው ባንድ ስሙ ዓለምን ከዞረ በኋላም የመግቢያ ዋጋውን አምስት ዶላር ላይ ለመያዝ ሲታገል ኖሯል። የሥራ ባልደረባዬ እነዚህን ልጆች በአዳራሽ እየተጋፋ ያየ ሰው ነበር።

ሬዲዮ እንዲህ ያለውን ዘፈን ብዙም ስለማያሰማው አድማጩ ራሱ አሰራጭ ሆነ። በእንግሊዝ የቢቢሲው ጆን ፒል ማንም የማያውቃቸውን ባንዶች ያሰማ ነበር፤ ከ1976 ጀምሮም በዓመቱ መጨረሻ፣ አብዛኛውን ጊዜ አድማጮቹ በላኩለት ድምፅ፣ ሃምሳ ዘፈኖችን ያሰልፍ ነበር። ፒል በ2004 ሲሞት ልማዱ በአድማጮቹ ዘንድ ቀጠለ። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴትና ኋላ የመጣው ባዶ ሲዲ ደግሞ እያንዳንዱን አድማጭ የራሱ ጣቢያ አደረጉት። በየዓመቱ የራስን ምርጥ አሰናድቶ ለወዳጅ መስጠት ከዚህ የመነጨ ልማድ ነው።

እኛም ነጻ አሳታሚ ነበረን

ያን ሲዲ በሌሊት ፈረቃ ሳዳምጠው መጀመሪያ ላይ ብዙ አልገባኝም። ሦስተኛው ዘፈን ግን ያዘኝ። የዘፈኑት ፖስታል ሰርቪስ ይባላሉ። ስማቸው ለምን “ፖስታ ቤት” ሆነ ብዬ ብጠይቅ፣ ሁለቱ ሙዚቀኞች በተለያየ ከተማ ስለሚኖሩ አንዱ ሙዚቃውን ቀርጾ በፖስታ ይልካል፣ ሌላው ድምፁን ጨምሮ ይመልሳል፤ የ2003ቱ አልበማቸው የተሠራው እንዲህ ነው አለኝ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በስማችን ለምን ተጠቀማችሁ ብሎ ተቆጥቷቸው ነበር፤ በኋላ ግን ተስማሙ።

ይህን ስሰማ ጎንደር ትዝ አለችኝ። በደርግ ዘመን ታላቅ ወንድሜ ሱዳን ተሰዶ ካርቱም ነበር። እናቴ መጻፍ ስለማትችል ድምጿን በካሴት እንቀርጽላትና በሰው እንልክለት ነበር። ሰላምታዋን፣ ምክሯንና ልቅሶዋን ከጨረሰች በኋላ “ካሴቱ ባዶ እንዳይሄድ ዘፈን ሙሉበት” ትለን ነበር። የቀረውን ሃያና ሠላሳ ደቂቃ እኔና አንድ የሰፈሬ ልጅ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየገለበጥን እንሞላዋለን። ያን ዓመት ከወጡት ዘፈኖች የቱ ይሂድለት ብለን እንጨቃጨቃለን። አንዳንዴ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን፣ የምንፈልጋቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈን እናስቀዳለን። የካሴቱ ጎን ሲያልቅ የመጨረሻው ዘፈን መሃል ላይ ይቆረጣል። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ዘፈን ስሰማ በልጅነቴ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጆሮዬ ዝምታ ይጠብቃል።

እንግዲህ ፈረንጁ ያስተማረኝ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የራሴን ነው ያስታወሰኝ። ነጻ አሳታሚም ቢሆን ከእነሱ ቀድመን ነበረን። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ሙዚቃ ቤት ባለቤት በ1969 ይህን አጥር ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። መታሰር ይኖራል ብሎ እያሰበ ነው ያደረገው። ሸክላው የታተመው ባሕር ማዶ፣ ሕንድ አገር ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ስድስት ዓመታት አምሐ ሬኮርድስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክሎች አወጣ። እነሙሉቀን መለሰን፣ እነጌታቸው ካሣን፣ እነማሕሙድ አሕመድን ለትውልድ ያቆየልን ይህ ድፍረት ነው። ደርግ መጣና ሰዓት እላፊ የከተማውን ሌሊት ገደለው። አምሐ በ1975 አገሩን ለቆ እዚሁ ዋሽንግተን ተሰደደ፣ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2021 አረፈ። ቲን አይድልሶች ሽፋናቸውን በሙጫ ሲለጥፉ እሱ እዚያው ከተማ ውስጥ ነበር። የሚተዋወቁ አይመስለኝም። ሥራቸው ግን አንድ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ በሚቀጥለው ዓመት ሲዲውን ሲያመጣልኝ እኔም የራሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። የኔ ዓመት የሚያልቀው በታኅሣሥ ሳይሆን በጳጉሜን በመሆኑ የመጀመሪያዬ የተሠራው ለመስከረም 1997 ዓ.ም. ነው። ሁለት ቅጂ አድርጌ አንዱን ለሱ አስቀመጥኩለት። ሌላውን ደግሞ ሲያትል ለሚኖረው ለዚያው ለሰፈሬ ልጅ በፖስታ ላክሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሱ መጣልኝ።

የአሠራሩ ሕግ

ለመሞከር ለምትፈልጉ የኛን ሕግ ልንገራችሁ። ባዶ ሲዲ የሚይዘው ሰማንያ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ አይታለፍም። ስልክ ውስጥ አምስት ሺህ ዘፈን መክተት ይቻላል፤ ግን አንዱንም መጣል ስለማያስፈልግ አንዱንም አልመረጣችሁም። ሲዲው ሲሞላ ከሚወዷቸው ሁለት ዘፈኖች አንዱን ማስወጣት ግድ ነው። ዓመቱን የምታውቁት ያን ጊዜ ነው።

ከአንድ ዘፋኝ አንድ ዘፈን ብቻ። ዘፈኑ የግድ በዚያ ዓመት የወጣ መሆን የለበትም፤ በዚያ ዓመት ያገኛችሁ መሆን አለበት። የአርባ ዓመት ዘፈን ዘንድሮ ሊያገኛችሁ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘፈን እንግዳ ተቀባይ ስለሆነ ፊቱ መፈታት አለበት። ሁለት ትዝታ ማከታተል አድማጩን መቅበር ነው። ዝርዝሩ በእጅ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለሰው ጥሩ ለመምሰል ተብሎ አንድም ዘፈን አይገባም፣ አንድም አይወጣም።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ለመናገር እንጂ ለመጠበቅ ቀላል አይደለም።

ሲዲው ፖለቲካ ሲገባው

የመስከረም 1998 ዓ.ም.ን ሲዲ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። የ2005 ምርጫ ዓመት ነው። እኔ ዋሽንግተን፣ ጓደኛዬ ሲያትል ሰልፍ ወጥተናል። ሳንነጋገር የሁለታችንም ሲዲ በአንድ ዘፈን ጀመረ፤ በዚያ ዓመት በወጣው የቴዲ አፍሮ “ያስተሰርያል”። በየስደተኛው መኪና ውስጥ የሚሰማ ዘፈን ስለነበር አያስገርምም። ስልክ ተደዋውለን እንደ ልጅ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እየጠበበ መጣ። “የእገሌን ዘፈን እንዴት ታስገባለህ? ለእነሱ መድረክ ላይ ዘፍኗል እኮ!” የሚል ስልክ መጣ። እኔም በተራዬ እንዲሁ አልኩት። በዓመቱ እያንዳንዳችን በጣም የምንወደውን አንድ አንድ ዘፈን አውጥተን በማንወደው ተካነው። ዘፈኑን ሳይሆን ዘፋኙ የቆመበትን መድረክ መስማት ጀመርን። ማንም ሳያዝዘን የራሳችን ሳንሱር ሆንን። ከአገር ያሰደደንን ነገር ሻንጣችን ውስጥ ይዘነው መምጣታችንን ያየሁት ኋላ ነው።

በ2018 ነፋሱ ሲለወጥ ሁለታችንም ደስ አለን። የመስከረም 2011 ዓ.ም. ሲዲዎቻችን ጭፈራ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ኅዳር 2020 ላይ በሰሜን ጦርነቱ ተነሣ። እሱ በአንድ ወገን ቆመ፣ እኔ በሌላ ወገን። ማን የት እንደቆመ መናገር አያስፈልግም፤ አንባቢ ሆይ፣ አንተም እንደዚህ ያለ ጓደኛ አለህ። የመጨረሻው ስልካችን አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር። ሊባሉ የማይገባቸው ቃላት ተባባልን። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከሲያትል ምንም አልመጣም። እኔም አልላክሁም።

ግን ሠርቼው ነበር። የዚያን ዓመት ሲዲ ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ አለ። ከአሥራ ስምንቱ ዘፈኖች አሥራ አንዱ ቀረርቶና ፉከራ ናቸው። በቅርቡ ልሰማው ሞክሬ አራተኛው ላይ አቆምኩት። ያሳፍረኛል። መንገድ ላይ አብረን ኳስ ስንጫወት የነበርን ልጆች ሲተላለቁ እኔ አርሊንግተን ተቀምጬ፣ ማሞቂያ አብርቼ፣ ይህን እየሰማሁ ነበር። አልጣልኩትም። ብጥለው “እኔ ከመጀመሪያው ጦርነቱን አልደገፍኩም” ማለት ይቀለኝ ነበር። ሲዲው ግን የራሴ እጅ ጽሑፍ አለበት። የጻፍነውን ጽሑፍ እናርማለን፣ የተናገርነውን እንክዳለን፣ የለጠፍነውን እናጠፋለን። በዓመቱ የመረጥነው ዘፈን ግን እንደ ማኅተም ነው።

ነሐሴ 2023 ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለጎንደሯ እህቴ የዓመቱን ዘፈኖች እንደ ወትሮው መላክ አልቻልኩም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ፈልጌ በፍላሽ ላክሁላት። እናቴ ካሴት በሰው ትልክ ከነበረበት ቦታ ተመልሰን ደረስን ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 2016 ዓ.ም. በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሲያትል አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ደብዳቤ የለውም። ሦስት ሲዲዎች ናቸው፤ የ2014፣ የ2015 እና የ2016። እሱም በየዓመቱ ይሠራ ነበር። ሁለታችንም ሠርተናል፣ ሁለታችንም አልላክንም።

አዲሱ መኪናዬ ሲዲ ማጫወቻ ስለሌለው ቤዝመንት ወርጄ አሮጌውን ቴፕ ከነአቧራው አስነሳሁት። የ2014ቱ የሱም እንደኔው ነው፤ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ወገን፣ ያው ፉከራ። የ2015ቱ ጸጥ ይላል። በ2016ቱ ሰባተኛው ላይ ግን ከዓመታት በፊት እሱ ራሱ “ለእነሱ ዘፍኗል” ብሎ ያስወጣኝ ዘፈን ቁጭ ብሏል።

ነጻነቱ የት አለ?

ወደ ኢንዲው ልመለስ። የኛ ሙዚቃና የእነሱ ልማድ የተገናኙት በኔ ካርቶን ውስጥ ብቻ አይደለም። የፍራንሲስ ፋልሴቶ “ኢትዮፒክስ” ተከታታይ ሲዲዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የነአምሐን ሸክሎች ለዓለም አሰሙ። በ2012 ደግሞ የቦስተኑ ደቦ ባንድ አልበም የወጣው የፖስታል ሰርቪስን ሲዲ ባሳተመው በሲያትሉ ሰብ ፖፕ ቤተሰብ ሥር ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኃይሉ መርጊያ ነገር ነው። የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ከ1981ዱ የአሜሪካ ጉዞ በኋላ እዚሁ ቀርቶ፣ በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያን ካሴት ባሕር ዳር ካሴት ቤት አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። በ2018 ኃይሉ “ላላ በሉ” የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። የቀድሞው የሥራ ባልደረባዬ በዚያ ዓመት የላከልኝን ሲዲ የከፈተው በኃይሉ ነው። ከዱለስ አየር ማረፊያ ስንቶቻችንን ቤታችን ያደረሰው ሰው መሆኑን ነግሬው ማመን አቃተው።

ኃይሉ ዳግም የተገኘው አንድ ሰው በጆሮው መርጦ ለሌላ ሰው ስላቀበለው ነው። የሚቆጥር ማሽን ይህን አያደርግም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አንድ ሺህ ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻው ምንም አይከፍልም። ባሕር ዳር ካሴት ቤት አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ካሴት በዚህ ሒሳብ ቢለካ ዋጋው ዜሮ ነበር። እናም አንድ ሕግ ልጨምር፦ ዘፈኑን በሲዲያችሁ ላይ ካስገባችሁ ግዙት። ቀድቶ ለወዳጅ መስጠት ሌላ ነው፣ ዘፋኙን ባዶ እጁን መስደድ ሌላ ነው። በየሬስቶራንቱ የተቀዳ ሲዲ በአምስት ዶላር እየገዛን ስለ አርቲስቶቻችን ድህነት ስናዝን የኖርን ሰዎች ነን።

ፖስታው በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ሲያትል ደወልኩ። አነሳው። ለተወሰነ ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም።

“ሰባተኛውን ሰማኸው?” አለኝ።

“ሰማሁት” አልኩት።

“ጥሩ ዘፈን ነው እኮ!”

“ድሮም ጥሩ ዘፈን ነበር።”

ስለ ጦርነቱ አላነሳንም። ዛሬም ድረስ በብዙ ነገር አንስማማም፤ ያንን ቀን የተባባልነውንም አልረሳሁትም፣ እሱም የረሳው አይመስለኝም። በማግስቱ ግን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡትን ሁለቱን ሲዲዎችና የዓመቱን ጨምሬ ላክሁለት። የሚያሳፍረኝንም ጭምር።

ልጄ ካርቶኑን ካየች ወዲህ የራሷን መሥራት ጀምራለች። እስካሁን ሰባት ዘፈን መርጣለች። ሁለቱ የአማርኛ ናቸው፤ አንዱ ከአያቷ ድምፅ ቀጥሎ አሮጌው ካሴት ላይ ያገኘችው፣ መሃል ላይ የሚቆረጠው ዘፈን ነው። ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ላገኝላት ብል “አይሆንም፣ እንደተቆረጠ ይግባ” አለችኝ። ሒሳብ ስትሠራ ከፍታ የምትረሳው ዘፈን በዝርዝሩ የለም።

ባዶ ሲዲ ዛሬም ይሸጣል። ጳጉሜን እስኪደርስ ጊዜ አለ። ከማን ጋር እንደተኳረፋችሁ ታውቃላችሁ።

ቸር ይግጠመን።